ሪሞቱ ሲጠፋ

እናቴ ጄት ሠርታ ነበር ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥዬ ጄቱ ከልጅነት አልጋዬ ትንሽ የሚያጥር፣ መሬት ላይ ቆማ በሪሞት የምታዘው ሞዴል እንደነበር ስናገር ደግሞ "እህ፣ መጫወቻ ነዋ!" ይሉኛል። መጫወቻ አልነበረም። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠው ሞተር የዱቄት ወተት ጣሳ ቢያህልም እውነተኛ ተርባይን ነው፤ ነጭ ጋዝ ይጠጣል፣ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፣ በኋላው የሚተፋው ትንፋሽ ሥጋ ያበስላል። ይህን የመጨረሻውን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ቤት ነን።

እናቴ ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበር። የጥርስ ሐኪሞች የሰው አፍ ልክ በጄሶ ወስደው ይልኩላታል፣ እሷ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ ጥርስ በጥርስ እየሞረደች ትገጥማለች። ጣቶቿ ቀጫጭኖች፣ ጫፋቸው ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነበር። ማታ የጨረስኩት ጥርስ ጠዋት በማላውቀው ሰው አፍ ውስጥ ይስቃል ትል ነበር። በትርፍ ጊዜዋ በእነዚያው ጣቶች ጄቷን ሠራች፤ ሦስት ዓመት ፈጀባት።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ድንጋይ ያስቃል የሚባል ሰው። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ወሬያቸውን እሰማለሁ። "አንተ ሰው፣ ሚስትህ ሰማይ ላይ፣ አንተ የሰው ራስ ላይ!" ይሉታል። ሌላው ይቀበልና "ቀሚሱንስ ማን ነው የሚለብሰው እናንተ ቤት?" ይላል። ሱቁ በሳቅ ይናጋል፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚስቀው አባቴ ነው። እኔ ሁለቱንም ወላጆቼን እያወደሱልኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እንዲህ ባሉት ቁጥር አባቴ ምላጩን የሚስልበትን ቀበቶ ከሚገባው በላይ ይመታው ነበር። ያን ድምፅ የሳቁ ማጀቢያ አድርጌ ነበር የምሰማው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጄቷ አልቃ የቀራት ፈቃድ ብቻ ሆነ። በሞዴል አብራሪዎች ማኅበር ደንብ ማንም ሰው ተርባይን ከማብረሩ በፊት ተቆጣጣሪ ፊት ቀርቦ አንድ ሙከራ ማለፍ አለበት፦ ሞተሩ እየሠራ ሪሞቱ ይጠፋል፤ ሞተሩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት መጀመር አለበት። ካልጠፋ ፈቃድ የለም።

የሙከራው ቀን ጠዋት እናቴ ጄቷን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ሆዷን ከፈተችና ጠራችኝ።

"ይቺን ታያለሽ?" ከክብሪት ሳጥን የምታንስ ጥቁር ነገር አሳየችኝ። "መቀበያ ትባላለች። ሪሞቱ የሚላትን ሰምታ ለሞተሩ ታቀብላለች።"

"ሪሞቱ ዝም ቢልስ?"

"ጎሽ የኔ ልጅ! ጥያቄው እሱ ነው። ባትሪው ቢያልቅ፣ ወይ እኔ ራሴን ስቼ ብወድቅ፣ ቀድሜ የነገርኳትን ታደርጋለች። ፌልሴፍ ይሉታል። ተመልከቺ፣ ሪሞቱ ላይ ያለውን የጋዙን ዘንግ እስከ ታች አውርጄ ማጥፊያው ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ይቺን ቁልፍ ተጭኜ ቀይዋ መብራት ሦስቴ ብልጭ እስክትል እይዛለሁ። በቃ። ከአሁን በኋላ ድምፄ ሲጠፋባት ሞተሩን ታጠፋለች።"

"ዘንጉ እስከ ላይ ተገፍቶ ብትጫኚያትስ?"

"ያኔማ ጉድ ይፈላል!" ብላ ሳቀች።

አባቴ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ጉዱ ምንድን ነው ደግሞ?" አላት።

"ሙሉ ጋዝ ነዋ። እኔ በሌለሁበት በሙሉ ጉልበቷ ትሄዳለች።"

"አሃ" አለና ፊቱን ሊታጠብ ሄደ።

እኔ ጉድ የምትለውን ቃል የማውቃት ከሱቁ ነው። እዚያ "ጉድ ነው!" ከተባለ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል ማለት ነው። ስለዚህ ጉድ ሲፈላ ለማየት ጓጓሁ። እናቴ ሞተሩ ሳይነሳ ሪሞቱን አጠፋችው፤ በሞተሩ መቆጣጠሪያ ትንሽ ስክሪን ላይ "ጠፍቷል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። መልሳ አበራች፣ መልሳ አጠፋች። ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም ያው ሲሆንላት ግንባሬን ሳመችኝ።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ረጅም አስፋልት፣ ዳር ዳሩን የደረቀ ሣር፣ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች ታጣፊ ወንበራቸው ላይ። ሴት እናቴ ብቻ ነበረች። ተቆጣጣሪው ረጅም፣ ሳል የማይለየው፣ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ የሚዞር ሰው ነበር። እናቴ ጄቷን በሁለት ገመድ ከብረት ችካል ጋር አሰረቻት። ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና የጋዙን ጀሪካን ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች። የሞተሩ ባትሪ ገና አልተሰካም፤ መቀበያዋ ግን በርታለች።

አባቴ ጎንበስ አለልኝ። የሱቁ ሽቶ ይሸተኛል።

"ሸሪኬ፣ እማዬን ሰርፕራይዝ እናድርጋት?"

"ምን?"

"ጠዋት ጉድ ይፈላል ስትል አልሰማሽም? እናፍላላታ! ዘንጉን እስከ ላይ ግፊው። ቁልፏን ሦስቴ ብልጭ እስክትል ያዢያት። ከዚያ ዘንጉን ወደ ቦታው መልሺ። የኔ ጣት ወደ መቀበያዋ ለሚያስገባው ቀዳዳ ወፍራም ነው፣ ልኩ ያንቺ ነው።"

"ብትቆጣስ?"

"መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ትስቃለች። እኔ ሰውዬውን በወሬ እይዝልሻለሁ።"

ሸሪኬ ሲለኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። እሱ ወደ ተቆጣጣሪው ሄዶ ትከሻውን አቅፎ ጀርባውን ወደኛ አዞረው፤ ወዲያው የሁለቱ ሳቅ ተሰማኝ። ጣቴን አስገባሁ። ቁልፏ ለስላሳ ነበረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘንጉን መለስኩና እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። እናቴ በጀሪካኑ ክብደት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ስትመለስ ፈገግታዬን ለመደበቅ ከንፈሬን ነከስኩ። እሷም አይታ ፈገግ አለችልኝ።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ እንደ ትንኝ ጮኸ፣ ከዚያ እንደ ፉጨት። ከኋላው አየሩ ተንቀጠቀጠ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እናቴ "እዚያው ቁሚ!" ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ስትስቅ ፊቷን ማየት ስለፈለግሁ በጎን በኩል ሹልክ ብዬ ቀረብኩ።

"እሺ እህቴ፣ ሪሞቱን ያጥፉት" አለ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ።

እናቴ አጠፋችና ሁሉም እንዲያየው ሪሞቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

የሆነውን ለመናገር ከሆነበት ጊዜ የበለጠ ይፈጃል። ፉጨቱ ጩኸት ሆነ። ጄቷ ወደ ፊት ተወረወረች፣ ገመዶቹ ተወጠሩ፣ አንደኛው ተበጠሰ። በቀረው ገመድ ዙሪያዋን ተሽከረከረችና ጭራዋ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ሪሞቱን መልሳ አብርታዋለች፤ ሪሞት ግን እስኪነቃ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። አልጠበቀችውም። ሮጣ መጣችና በግራ እጇ ደረቴን ገፍትራ ጣለችኝ፣ በቀኝ እጇ ከጄቷ ሆድ ሥር ያለውን የጋዝ መዝጊያ ፈለገች። አግኝታ እስክትዘጋው ድረስ ትንፋሹ ክንዷ ላይ ነበር።

ጸጥ አለ። ምን እንደሸተተኝ አልናገርም። እናቴ አልጮኸችም፤ እጇን ከፊቷ አርቃ ይዛ የሰው ዕቃ የያዘች ይመስል አየችው። አባቴ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ "ወይኔ! ወይኔ!" ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ያን አልጠበቀም። የፈለገው ሰው ፊት እንድትዋረድና ፈቃዱን እንድታጣ ብቻ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ግን ጥብቅና ልቆምለት አይደለም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቴን ያዘ።

"ያደረግሽውን ለማንም አልናገርም" አለኝ በሹክሹክታ። "አንቺም እንዳይወጣሽ። እማዬ ካወቀች ሁለተኛ ልጄ አትልሽም። እኔ አባትሽ ነኝ፣ እሸፍንልሻለሁ።"

ያደረግሽው አለ። ያደረግነው አላለም። ልዩነቱን ያኔ አልሰማሁትም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ በዓለም ላይ እንደሱ የሚወደኝ የለም ብዬ አሰብኩ።

የእናቴ ሁለት ጣት ተቆረጠ፤ የቀሩት ሦስቱ ታጥፈው ደረቁ። ጥርስ መሥራት ቀረ። ሐኪሞቹ አዝነውላት ክሊኒክ ውስጥ ካርድ የምታወጣ አደረጓት፤ በግራ እጇ መጻፍ እስክትለምድ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያጉረመርምባት ነበር። ጄቷን ዕቃ ቤት ዘጋችባት። ወደ ሜዳው ተመልሳ አልሄደችም። በሌላ እጅ ማብረር እንደሚቻል የነገሯት ነበሩ። "ልጅ አለኝ" ትላቸዋለች፣ ሌላ ምንም አትልም።

ሱቁ ውስጥ አዲስ ቀልድ ተፈጠረ። "ሚስቴን ከሰማይ ማን እንዳወረዳት ብነግራችሁ!" ይላል አባቴ፤ ሁሉም "ማን? ማን?" ሲሉት በመስታወቱ ውስጥ እኔን ያየኝና "አልናገርም!" ይላል። ይስቃሉ። እኔ ላብ ያጠምቀኛል፤ ባለመናገሩም አመሰግነዋለሁ። ቤት ራት ላይ "ያን ቀን እኮ..." ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። እኔ ተነስቼ ጫማውን አመጣለሁ፣ ውኃ እቀዳለታለሁ። እናቴ ለእህቷ በስልክ ያለችውን፣ ማን ቤት እንደመጣ፣ ደሞዟን የት እንዳስቀመጠች ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ባለውለታዬ ነበራ።

የእናቴን ቀኝ እጅ ማየት አልችልም ነበር። ስትዘረጋልኝ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ፀጉሬን ልትሠራኝ በሁለቱም እጇ ስትነካኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ በቀኝ እጇ ነክታኝ አታውቅም፤ እኔ ፊት ከኪሷም አታወጣው። የተጸየፍኳት መስሏት ነበር። እኔ ደግሞ እጇ የሚያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ከሰዓት፣ አባቴ ሱቅ እያለ፣ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች። ኮት ለብሳለች። ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ቆሟል።

"እህቴ ጋ ልሄድ ነው" አለችኝ። "ልጎበኝ አይደለም። ትሄጃለሽ ከእኔ ጋር?"

"አባዬስ?"

"እሱ ይቀራል።"

የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ከሄድኩ አባቴ ይናገራል። እናቴ መንገድ ላይ፣ ምናልባት አውቶቡሱ ውስጥ፣ ታውቅና ትጥለኛለች። "አልሄድም" አልኳት። "እኔ አባዬ ጋ ነኝ። አንቺ ሂጂ።"

ኮቷን አውልቃ ሰቀለችው፤ ሻንጣውን ስትፈታ የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ በግድግዳው ሰማሁ። ሃያ ዓመት ተጨማሪ አብራው ኖረች።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ላይ አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑና ምላሱ ቀረ፤ ጆሮውና ዓይኑ ደህና ነበር። ደረጃ መውጣት ስለማይችል እናቴ ምድር ቤት ያለውን ዕቃ ቤት ልታመቻችለት አሰበች፤ እኔ ላጸዳ ሄድኩ። ጄቷ አንሶላ ተጠቅልላ ጥግ ቆማለች። አጠገቧ ካርቶን ውስጥ፣ ከመቀበያዋና ከተጠቀለለ ሽቦ ሥር፣ የተቆጣጣሪውን ሪፖርት አገኘሁ። ሁለት ገጽ ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት።

"ባለቤታቸው ከሙከራው ጥቂት ቀደም ብሎ መሣሪያው ሊያስቸግር እንደሚችል በቀልድ መልክ ጠቁመውኛል። ከአደጋው በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ በሰጡት ቃል፣ ልጃቸው በእናቷ የማብረር ሥራ ትቀና እንደነበርና መሣሪያውን ስትነካካ እንዳዩአት ገልጸዋል።"

እዚያው ሜዳ ላይ። ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴን ይዞ እሸፍንልሻለሁ ሲለኝ ተናግሮ ጨርሶ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት የገበርኩለት ምስጢር አንድ ሰዓት እንኳ አልተጠበቀም። ወረቀቱ ደግሞ የነበረው የእናቴ ካርቶን ውስጥ ነው።

ወጥ ቤት በግራ እጇ ካሮት ትፍቅ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"አንብበሽዋል?"

ተመለከተችው። "ሆስፒታል ሳለሁ ነው የሰጡኝ። ተይው ልጄ። ልጅ ነበርሽ።"

"ቀንታ ነው የሚለውን አምነሽ ነበር?"

"ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ብረት ጊዜ ሰጥቼ ላንቺ ነፍጌሻለሁ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ተውኩት። አንቺም ደግሞ..." እጇን ወደ ኪሷ ከተተች። "እኔን አልወደድሽኝም። ይሆናል። ልጅ አይገደድም።"

"እማዬ፣ አልቀናሁም። ግፊው ያለኝ እሱ ነው።"

ካሮቱን አስቀመጠች። "ማን?"

"አባዬ። ጀሪካኑን ልታመጪ ስትሄጂ። ዘንጉን እስከ ላይ ግፊ፣ ቁልፏን ያዢ አለኝ። ትስቃለች አለኝ። ሰውዬውን እሱ በወሬ ያዘው።"

ከዚያ የኮሪደሩን፣ የመስታወቱን፣ የሻንጣውን ቀን ነገርኳት። ሳላቋርጥ ነገርኳት፤ እንደ ትውከት ነው የወጣልኝ። ስጨርስ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

"አሥራ አራት ዓመትሽ ላይ ይህን ብትነግሪኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "ባዶ እጄን ይዤሽ እሄድ ነበር። የቀረሁት እኮ አንቺን ለእሱ ትቼ መሄድ አልሆን ብሎኝ ነው። አንቺ እሱን መረጥሽ ብዬ ነው ከእሱ ጋር የተኛሁት።"

"ፈርቼ ነው። ሁለተኛ አትወድሽም ብሎኝ።"

"አሁን ቀለለሽ?"

"እማዬ..."

"አይ፣ ንገሪኝ። ቀለለሽ ወይ? እኔ ክፉ ልጅ አለችኝ ብዬ ለምጄው ነበር። ሸክሜን አውቀው ነበር። አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይህን አምጥተሽ የት ላስቀምጠው ነው የምትይኝ?"

ሰዓቱን አየች፤ አባቴ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለበት። "ነይ፣ ትከሻውን ያዢልኝ" አለችኝ።

ገባን። ትከሻውን ያዝኩ፣ እሷ ዳሌውን ገፋች። ወደ እኛ ሲዞር ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣችና ፊቱ አጠገብ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። እኔም ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን በቅርበት አየሁት።

"ልጅህ ነገረችኝ" አለችው።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖረ። እናቴ አጠበችው፣ አበላችው፣ ጥፍሩን ቆረጠችለት፤ ጎረቤት ሁሉ "እንዲህ ያለች ሚስት የት ትገኛለች!" ይል ነበር። አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችለትም። አሞቀህ፣ በረደህ፣ ክፈት፣ ዋጥ፣ ምንም። ሬዲዮው ከክፍሉ ወጣ። ደንበኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ በሩ ላይ አመስግና "ተኝቷል" ትላቸዋለች። ዕድሜውን ሙሉ በወሬ የኖረ ሰው ነበር። እኔ እሁድ እሁድ ስገባ ዓይኑ ከበሩ ጀምሮ ይከተለኛል፤ ያ ደህናው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን "ደህና ዋልክ?" ልለው አፌን ስከፍት እናቴ ከኮሪደሩ በስሜ ጠራችኝ። ዘጋሁት።

ሊሞት ሲል አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናቴ መድኃኒት ቤት ሄዳለች። ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ደህና እጁ አንሶላው ላይ እየዳኸ መጥቶ ጣቶቼን አገኘና ጨበጣቸው። ምን እንዲባልለት እንደፈለገ አውቄ ነበር። ይቅር የምትል አጭር ቃል ናት፣ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፣ የሚሰማን ሰውም በቤቱ አልነበረም።

እጄን ከእጁ አላቀቅኩ። ወንበሬን ትንሽ ወደ መስኮቱ ሳብ አደረግሁና እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጥኩ።